ያላጠኑትን ዜማ በማኅበር ስለ ማንበብ

ዜማን በቃል አጥንቶ ማሰማት አንድ ጥበብ ነው፤ ከዚያ በፊት ዓይን ያላየውን ኖታ ከፊት ዘርግቶ ከባልንጀሮች ጋራ ወዲያው መጫወት ግን ሌላ ጥበብ ነው። በኤውሮፓ ከተሞች መምህራን፤ ነጋዴዎች፤ ሐኪሞችና ጸሐፊዎች የቀን ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ እየተሰበሰቡ ይህን የሚያደርጉባቸው የኦርኬስትራ ማኅበሮች አሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ዋጋቸው ደስታውና ትምህርቱ ነው።

በአገራችን የዜማ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፤ የድጓ ተማሪ ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ምልክትም ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው የሰማውን እንዲያስታውስበት ነው። በኢጣልያ አገር ግን በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአሬጾው መነኵሴ ጊዶ፤ ድምፅ ሁሉ በመስመር ላይና በመስመር መካከል የራሱ ስፍራ እንዲኖረው ሥርዓት አበጀ። ቀድሞ 10 ዓመት ደክመው ዕውቀታቸው ያልሞላ መዘምራን፤ በዚህ መንገድ በ1 ወይም ቢበዛ በ2 ዓመት ያልሰሙትን ዜማ ለማንበብ እንደሚበቁ ጽፏል። ዛሬ የኦርኬስትራ ኖታ የሚጻፍበት ባለ 5 መስመር ሥርዓት ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ጥበብ ለቤተ ሰብ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት በቪየና የነበረውን የፍራንጽ ሹበርትን ቤት መመልከት ይበቃል። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ፍራንጽ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲመጣ፤ ታላላቅ ወንድሞቹ ኢግናጽና ፈርዲናንድ ቫዮሊን፤ እርሱ ቪዮላ፤ አባታቸውም ቸሎ ይዘው አራት ሆነው ይጫወቱ ነበር። አባት ሲሳሳት ልጁ በመጀመሪያው ጊዜ እንዳልሰማ ያልፈዋል፤ ስሕተቱ ሲደገም ግን ፈገግ ብሎ፤ በዚህ ስፍራ አንዳች ነገር ሳይጐድል አልቀረም ሲል በትሕትና ያሳስበው ነበር። አባትም ከልጁ መማርን ደስ ብሎት ይቀበል ነበር።

ወዳጆች እየተጨመሩ ሲሄዱ ቤቱ ጠበበ፤ ማኅበሩም ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር ቈይቶ ኦርኬስትራ ሆነ፤ በኦቶ ሃትቪግም ቤት ይሰበሰብ ዠመር። ፍራንጽ በ19 ዓመት ዕድሜው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም.፤ 5ኛውን ሲምፎኒ ጻፈ፤ በዚሁ ማኅበርም ተሰማ። ይህ ሲምፎኒ ከበሮና መለከት የሌለበት፤ ለአነስተኛ ማኅበር የሚስማማ ነው።

ወደ እንደዚህ ያለ ማኅበር የሚገባ ሰው አስቀድሞ ጥቂት ነገር ይወቅ። በቫዮሊንና በመሰሎቹ ወገን ሁለት ሰዎች በአንድ አትሮንስ ይጫወታሉ፤ ስለዚህ አዲስ የገባው ከለመደው ሰው አጠገብ ቢቀመጥ መልካም ነው። ከመዠመሩ አስቀድሞ በመስመሩ ራስ ያለውን ምልክትና የምቱን ቍጥር፤ ከዚያም ዜማው የሚፈጥንበትንና የሚደገምበትን ስፍራ በዓይኑ ይመልከት። ዜማው ከተነሣ በኋላ ግን ቢሳሳት አይቁም፤ ስሕተቱን ለማቅናት ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ማኅበሩን ይለየዋልና። ስፍራው ከጠፋበት ዝም ብሎ ምቱን ይቍጠር፤ የባልንጀሮቹን ድምፅ ይስማ፤ ስፍራውንም ባገኘ ጊዜ ይግባ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጣት ሥራ አይደለም። በሥራው ቤት የሚታዘዙለት ሹም በዚህ ስፍራ ከኋለኛው ወንበር ተቀምጦ፤ በዕድሜ ልጁ ከሚሆን ወጣት ጋራ አንድ ገጽ ያነባል፤ ስሕተቱም በሁሉ ፊት ይሰማል። ብዙ ሰዎች ይህን ኀፍረት ፈርተው በወጣትነት የተማሩትን ቫዮሊን በሣጥን እንደ ዘጉበት ያረጃሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ልጁን ሙዚቃ የሚያስተምር አባት አስተማሪ መቅጠር ብቻ አይበቃውም። የሚችል ቢሆን በሳምንት አንዲት ማታ ከልጁ ጋራ በአንድ አትሮንስ ይቀመጥ። ልጁ ስሕተቱን ቢያመለክተውም አይቈጣ፤ የሹበርት አባት እንዲህ ባለ ነገር ክብሩ አልጐደለበትምና።