ያውቁ ኖሯል? ከጅቡቲ ዳቦ ጀርባ ያሉ ሦስት የፈንገስ ወገኖች

በጅቡቲ ከተማ የጠዋት ባጌትና ላሖህ የተባለው ቂጣ ያለ ፈንገስ አይታሰቡም። ሳይንቲስቶች ፈንገሶችን የሚመድቡት በዘረመላቸውና ስፖር፣ ማለትም የመራቢያ ብናኝ፣ በሚያፈሩበት አካል ነው።

• እርሾ፦ ከባለከረጢት ፈንገሶች ወገን ነው። የእርሾ ሕዋስ ጎኗ ላይ ታቆጠቁጣለች፤ ቡቃያዋ አድጋ ስትለያት ሁለት ይሆናሉ። ምግብ ሲያጥራት ግን በከረጢት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 4 ስፖሮች ታፈራለች።

• ጥቁሩ የዳቦ ሻጋታ፦ ራይዞፐስ ይባላል፤ እርጥበትና ሙቀት ይስማማዋል። ከክሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ስፖር የታጨቀባቸው ናቸው፤ ሲፈነዱ አየር ስፖሮቹን ይበትናቸዋል። ሁለት ተስማሚ ክሮች ሲገናኙ ደግሞ ክፉ ቀንን የሚያሳልፍ፣ ወፍራም ቅርፊት ያለው ዚጎስፖር ይፈጠራል።

• የስንዴ ግንድ ዋግ፦ የዳቦ ዱቄት የሚገኝበትን ስንዴ በኢትዮጵያ ማሳዎች ላይ የሚያጠቃው ይህ ፈንገስ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። በሕይወት ዑደቱ 5 ዓይነት ስፖሮች አሉት፤ ስንዴ ላይ ያለ ጾታ ይባዛል፣ የጾታ መራባቱን የሚፈጽመው ግን ባርበሪ በተባለ ቁጥቋጦ ላይ ነው።

ልብ ይበሉ፦ የሻገተ ዳቦ የሻገተውን ቆርጠው ቢጥሉም ቀሪው አይበላም። የሻጋታው ክሮች ዓይን ከሚያየው በላይ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ።