ብቅል ለምን ይሞቃል?

ወልድያም ሆነ መርሳ፣ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። የተዘፈዘፈው ገብስ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖበት ይሰነብታል። ሥር ማውጣት ሲጀምር እጅ ቢሰዱበት ይሞቃል። «ታፍኖ ነዋ!» ይላል ሰው ሁሉ። አይደለም። ደረቅ ገብስ በዚያው ቅጠል ሸፍናችሁ ብታሳድሩት አይሞቅም። ቅጠሉ ሙቀቱን ያቆያል እንጂ አያመነጭም፤ የሚያመነጨው እህሉ ራሱ ነው፤ ሕያው ነውና።

ሕያው ነገር ሁሉ ከህዋስ የተሠራ ነው። ህዋስ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ባያድግ እንኳ ሾልኮ የገባበትን ጨው ያስወጣል፣ የተበላሸ ፕሮቲኑን ይተካል። ለዚህ ሁሉ ኃይል የሚያቀብለው ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል ነው።

ኤቲፒ የሚሠራበትን መንገድ ስንቱ ተምሮት ረሳው! ገብሱ ውኃ ሲጠጣ ኢንዛይሞች ስታርቹን ስኳር ያደርጉታል። ማይቶኮንድሪያ በተባሉት የህዋሱ ክፍሎች ውስጥ ከስኳሩ የወጡ ኤሌክትሮኖች በቅብብል ወደ ኦክስጅን ሲሄዱ ፕሮቶኖች ከአንድ ስስ ሽፋን ወዲያ ማዶ ይጠራቀማሉ። ተመልሰው የሚገቡት በአንዲት ፕሮቲን በኩል ነው፤ ሲያልፉም እንደ ውኃ ወፍጮ ያሽከረክሯታል። በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ልትዞር ትችላለች፤ በእያንዳንዱ ዙር 3 ኤቲፒ ትሠራለች። ሳይንቲስቱ ፒተር ሚቸል የፕሮቶኑን ነገር በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመበት። ከአንድ ግሉኮስ ወደ 30 ኤቲፒ ይገኛል። ኤቲፒ ውስጥ ያልገባው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ እጃችን ላይ የተሰማን እሱ ነው።

ጋን ውስጥ ያለው እርሾ ግን አየር ሲያጣ ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ብቻ ያገኛል፤ ከቀረው ኃይል አብዛኛው አልኮሉ ውስጥ ነው።

ብቅል የሚያበቅል እጅ ይህን ሙቀት እያወቀ፣ ሀብሩ ወረዳ ላይ በደንብ ያልደረቀ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ሲታጨቅ ሳይ እናደዳለሁ። መርሳ ገበያ እጄን የከተትኩበት ጆንያ መሐሉ ትኩስ ነበር። እህሉ ይተነፍሳል፣ ሻጋታውም አብሮት፤ ሙቀቱ ትንፋሹን ያፋጥነዋል፣ ትንፋሹ እርጥበት ይጨምራል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ሳይወርድ አትክተቱት፤ አስጡት። የእህል ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ እንደከፈታችሁ አትግቡ። እህሉ ኦክስጅኑን ጨርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታች ተኝቶ ይሆናል፤ ሰው ይገድላል።