ያልተሸመነ ባና

የሱፍ ሹራባችሁን በሙቅ ውሃ አሽታችሁ አጥባችሁ የአራት ዓመት ልጅ ልብስ አክሎ ከወጣላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ሳታውቁት ፌልት ሠርታችኋል። ብዙ ሰው ሳሙናውን ይወቅሳል፤ ሌላው ሹራቡን የሸጠለትን ነጋዴ ይረግማል። ሁለቱም ንጹሐን ናቸው። የበግ ጠጉር ሙቀት፣ እርጥበትና እሽት ባንድ ላይ ካገኘ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከተያያዘ በኋላ ለምነውም አያላቅቁት። እናንተ በስሕተት የምትሠሩትን እኔ ሆን ብዬ እየሠራሁ እኖራለሁ።

ፌልት ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በመታሸትና በመረገጥ ብቻ ጨርቅ የሆነ ጠጉር ነው። የሞንጎሊያ ከብት አርቢ ቤቱን ያለብስበታል፤ በ1857 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ውስጥ የተቋቋመው ቦርሳሊኖም አባቶቻችን በክት ልብሳቸው ላይ የሚደፉትን ባርኔጣ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፤ የእሱስ የጥንቸል ጠጉር ነው። መግቢያው ይህን ያህል ይበቃል።

ወደ ምዕራብ ጎጃም የሄድሁት ጠጉር ፍለጋ ነበር። የዓባይን በረሃ ወርጄ፣ ወጥቼ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፌ ፍኖተ ሰላም ገበያ ገባሁና፣ እንደ ከተሜ ወጌ፣ «ሱፍ የት ይሸጣል?» አልሁ። በጣታቸው አሳዩኝ። ስደርስ አንዲት እናት ከኑግና ከተልባ ጎን የሱፍ ፍሬ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «ለፍትፍት ነው ለዘይት?» አሉኝ። ለባርኔጣ ነው ማለት ከበደኝና አንድ ጣሳ ገዝቼ ሄድሁ። እዚያ አገር የምፈልገው ነገር ስሙ የበግ ጠጉር ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። «አገራችን በግ ሞልቷት ምነው ፌልት የለም?» የሚሉኝ አሉ። በግ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ በግ ዋሸራ ነው። የሚያምር በግ ነው፤ ቁመናው ረዘም ያለ፣ መልኩ ባብዛኛው ቡናማ፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የሌላቸው፣ ላቱ ሰፊ። ለሥጋ ወደር የለውም። ጠጉሩ ግን አጭርና ልሙጥ ነው፤ ከበግ ይልቅ የፍየል ይመስላል።

ልጅ ሆናችሁ የገብስ ዛላ እጅጌያችሁ ውስጥ ከትታችሁ ታውቃላችሁ? እጃችሁን ባወዛወዛችሁ ቁጥር ዛላው ወደ ላይ ይሳባል፤ ብብት ደርሶ ይኮሰኩሳል፤ ወደ ታች ግን አይመለስም። ጢሙ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ወደ አንድ ወገን ብቻ ስላዘነበሉ ነው። የሱፍ በግ ጠጉርም በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደዚያው ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ ጫፉ ወደ ጠጉሩ ጫፍ የዞረ። ሙቅ ውሃ ጠጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ሳሙና ያንሸራትተዋል፣ እጅ ያንቀሳቅሰዋል። ያኔ እያንዳንዷ ጠጉር እንደ ገብሱ ዛላ ወደ አንድ አቅጣጫ ትሳባለች፤ ጎረቤቷን ትጠመጥማለች፤ መመለሻ የላትም። ጨርቁ የሚጠበውና የሚወፍረው ለዚህ ነው። ሙጫ የለውም፤ ክር የለውም። አንዳንድ ባለሱቅ «ፌልት» ብሎ የሚሸጠው በሙጫ የተጣበቀ ባለቀለም የፕላስቲክ ጨርቅ ስሙን ሰርቆ ነው።

ዋሸራ ላይ ቅርፊቱ ቢኖርም ጠጉሩ አጭርና ግትር ስለሆነ የሚጠመጠምበት ርዝመት የለውም። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ማመን ሲገባኝ እልህ ያዘኝ። ቡሬ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ፣ ከቆዳ ነጋዴ የለመንሁትን የዋሸራ ጠጉር ሰሌን ላይ ዘርግቼ፣ የእንዶድ አረፋ እየረጨሁ ሁለት ሰዓት አንከባለልሁ። ስፈታው እንደ እብቅ ተበተነ። ወለሉን ያጸዳችው ልጅ እስካሁን ሳትረግመኝ አትቀርም።

የሚረገጠው ጠጉር ያለው ብርድ ባለበት ነው፤ መንዝ፣ ፋርጣ፣ የደጋው ጫፍ ሁሉ። ለዚህ ማስረጃው ቡሬ ገበያ ላይ በእግሩ እየሄደ አገኘኝ። ከሰከላ በኩል፣ የዓባይ ምንጭ ካለበት ደጋ፣ የወረዱ አንዲት እናት ጥቁር ባና ደርበው ድንች ይሸጣሉ። እኔ ዓይኔን ከባናው ላይ መንቀል አቃተኝ። ከቦርሳዬ በመንዝ በግ ጠጉር የሠራሁትን ድፍን የፌልት ማሰሮ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡት፤ ጫፉን በጥርሳቸው ሳብ አደረጉት፤ አልተረተረም።

«ይህማ ባና አይደለም እንዴ፤ ሸማኔው ረስቶት ነው እንጂ» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ሸማኔ ቤት ይሄዳል። ከሸማኔ የወረደው ባና ግን ገና ወንፊት ነው፤ ብርድ ያሳልፋል። ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ሲረገጥ ነው የሚጠቀጠቀው። «ሸማኔው ግማሹን ነው የሚሠራው ልጄ፤ ግማሹ የተረከዝ ነው» አሉኝ። በየአውደ ርእዩ ፌልትን ከውጭ የመጣ ጥበብ አድርጌ ሳስተዋውቅ ኖሬ ነበር። የእኚህ እናት ተረከዝ ከእኔ በፊት ያውቀው ኖሯል።

የእኔ ፍቅር ግን ጨርቁ ላይ አይቆምም፤ ቅርፃ ቅርፅ ላይ ነው። ከፈጠም ወንዝ ዳር የጡጫ ያህል ድንጋይ አንስቼ፣ ጠጉር እያፈራረቅሁ አለበስሁት፤ አንዱን ድርብ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም። አርጥቤ አሸሁት። መጀመሪያ ልቅ ነው፤ ቀስ በቀስ ድንጋዩን ይጨብጠዋል። ሲደርቅ በአንድ በኩል ሰንጥቄ ድንጋዩን አወጣሁና ቅርፁ ባዶውን ቀረ። የላሊበላ ጠራቢ ከአለቱ እየቀነሰ ነው ቤተ መቅደስ ያወጣው፤ ፌልት ላይ ምንም አይቀነስም፣ ነገሩ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዙ ግራና ቀኝ የምታዩትን የጤፍ ክምር አስቡት፤ ያ ሁሉ ቀጭን ነዶ ያለ ምሰሶ ቆሞ ዝናብ የሚመልሰው በመጠቅጠቁ ነው። ሐውልት ለማየት የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለብንም እላለሁ፤ ሚስቴም ክምር ባየሁ ቁጥር መኪና አስቁሜ ስወርድ ትሰለቻለች።

ጠጉር ዕድሜ የለውም ለሚል ደግሞ፣ በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች ፓዚሪክ ከሚባል ቦታ፣ በበረዶ ከታሸገ መቃብር የወጡ የፌልት የውሃ ወፎች አሉ። ዕድሜያቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው፤ አንገታቸውን እንዳቀኑ ሴንት ፒተርስበርግ ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል። በተቃራኒው ጀርመናዊው ዮሴፍ ቦይስ በ1970 እ.ኤ.አ. በፌልት ያሰፋው ዝነኛ ሙሉ ልብስ፣ በለንደኑ ቴት ሙዚየም የነበረው አንዱ ቅጂ፣ ብል በልቶት ከስብስቡ ተሰርዟል። በረዶ ያቆየውን ብል ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባና ያላችሁ ሰዎች፣ ከነላቡ ጠቅልላችሁ ሳጥን ውስጥ አትቅበሩት። ፀሐይ ላይ አውጡት፤ አራግፉት።

ለፋሲካ የደጋ በግ የምታርዱም ቆዳውን መንገድ ዳር ከመጣላችሁ በፊት ጠጉሩን ሸልቱና ለሚሠራበት ስጡ። የጠበበውን ሹራብም አትጣሉት። እንደፈለጋችሁ በመቀስ ቁረጡት፤ ጠርዙ አይተረተርም፤ ለድስት መያዣ ይሆናል።