ከከፍተኛ ሊግ ወደ ዙፋን፦ ጅማ አባ ጅፋር

በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ጅማ ኀዘንና ደስታ በአንድ ላይ መጡባት። ጅማ አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ጅማ ከተማ ደግሞ ከከፍተኛ ሊግ አደገ። ያደገው ቡድን ወዲያው ስሙን ለውጦ ጅማ አባ ጅፋር ተባለ። ስሙ የተወሰደው ከጅማው ንጉሥ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከከተማው በላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል።

የንጉሥ ስም መያዝ ቀላል ነው። ይህ ቡድን ግን ስሙን በያዘ በዓመቱ የሀገሪቱን ዋንጫ አነሳ።

ነገሩ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ለመረዳት የሊጉን ደረጃ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፍተኛ ሊግ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው እርከን ነው። ክለቦቹ በምድብ ተከፍለው፣ ብዙ ጊዜ ሣሩ ያለቀበት ሜዳ ላይ፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ እየተጓዙ ይጫወታሉ። በዚያ ዓመት ከእነዚህ ሁሉ መካከል ወደ ላይ የወጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ጅማ፣ መቐለ ከተማና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። አዲስ ያደገ ቡድን ዕቅዱ አንድ ነው፤ ላለመውረድ መታገል። አሥራ ስድስት ክለቦች ባሉበት ሊግ አሥረኛ ሆኖ መጨረስ እንደ ድል ይቆጠርለታል።

አሰልጣኙ የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ። ፊት ላይ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ተሰለፈ። አፎላቢ በዚያ አንድ ዓመት 23 ግብ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በሌላው በኩል የቆመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ፈረሰኞቹ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረቱና ያለፉትን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰዱ፣ አምስተኛውን የሚጠብቁ ክለብ ነበሩ። ፉክክሩ እስከ መጨረሻው ዕለት ዘልቆ ሁለቱም እኩል 55 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ዋንጫው በግብ ልዩነት ወደ ጅማ ሄደ። እዚህ ላይ ነው የአንድ አጥቂ ዋጋ የሚታየው፤ በእኩል ነጥብ በሚጠናቀቅ ውድድር እያንዳንዷ ትርፍ ግብ ሚዛኑን ታጋድላለች።

በዓለም ላይም እንዲህ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1977 አድጎ በ1978 ሻምፒዮን ሆነ፤ የጀርመኑ ካይዘርስላውተርንም እ.ኤ.አ. በ1997 አድጎ በ1998 ዋንጫ ወሰደ። ጅማ በእነዚህ ተርታ ይቆጠራል፤ ይህን የሚያውቀው ሰው ግን ከኢትዮጵያ ውጭ ቀርቶ እዚሁም ጥቂት ነው።

ሻምፒዮን መሆን የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን በር ይከፍታል። አባ ጅፋር በ2011 ዓ.ም. በቅድመ ማጣሪያው የጅቡቲውን ጅቡቲ ቴሌኮም አልፎ የግብፁ አል አህሊ ደረሰበት። አል አህሊ በዚያን ጊዜ ስምንት የአህጉሩን ዋንጫ የሰበሰበና ገና ከሳምንታት በፊት ለፍጻሜ ቀርቦ የነበረ ኃያል ነበር። ጅማ በግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በሀገር ቤት በተደረገው የመልስ ጨዋታ ግን 1 ለ 0 አሸነፈ። በድምር ውጤት ወደቀ፤ ቢሆንም ከዓመት ከመንፈቅ በፊት በከፍተኛ ሊግ ይጫወት የነበረ ክለብ አል አህሊን አሸንፎ ከሜዳ ወጣ። ይህች ቀን በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ልትተረክ የሚገባት ቀን ናት።

በዚያ ወቅት ግን ዋንጫውን ያመጡት እጆች ተበትነው ነበር። አሰልጣኙ ወደ መቐለ ተጉዘው ነበር፤ ከጅማ ጋር በአንድ ዓመት ያደገውንና ቀድሞ መቐለ ከተማ ይባል የነበረውን መቐለ 70 እንደርታን ይዘው የ2011 ዓ.ም.ን ዋንጫ አነሱ። በሁለት ዓመት፣ በሁለት አዲስ ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከከፍተኛ ሊግ ከተመለሰ ሦስት ዓመት ብቻ በሆነው በኢትዮጵያ መድን ሦስተኛውን ጨመሩ። ስለ ፈጣን ዕድገት ሲነሳ የክለቦቹን ስም ከማንሳት በፊት የእሳቸውን ስም ማንሳት ተገቢ ነው።

አባ ጅፋርስ? ከአሰልጣኙም ከአጥቂውም በኋላ የቀረው ክለብ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖር ክለብ ነበር። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ የተጫዋቾች የደመወዝ ቅሬታም በስፖርት ዜናዎች በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ተጫዋቾች በአንድና በሁለት ዓመት ውል ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ በየክረምቱ ቡድኑ እንደ አዲስ ይሰበሰባል። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እንዲካሄዱ ተደረገ። ጅማ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ብትሆንም፣ አንድ ትንሽ ክለብ ከሁሉ በላይ የሚተማመንበት የሜዳው ደጋፊና የመግቢያ ትኬት ገቢ ተዳከመ። በ2014 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሰ። ዋንጫ ባነሳ በአራተኛው ዓመት ነው።

ከዚህ ጋር የጎንደሩን ፋሲል ከነማ ማስተያየት ይጠቅማል። መነሻቸው ይመሳሰላል፤ በ2008 ዓ.ም. ዳሸን ቢራ ሲወርድ በዚያው ዓመት ፋሲል አደገ። አንድ ከተማ አንዱን ክለቡን ወደ ታች ሲሸኝ ሌላውን ተቀበለ፤ ልክ እንደ ጅማ። አፄዎቹ የሚባሉት ፋሲሎች ግን ዋንጫውን ለመንካት አምስት ዓመት ጠበቁ። በ2011 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ለዋንጫው ተቃርበው ሁለተኛ ሆኑ፣ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰዱ፤ የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ተሰረዘ፤ በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት ሻምፒዮን ሆኑ። በጎንደር ሲጫወቱ ሜዳው ይሞላ ነበር፣ ከጎንደር ውጭም ደጋፊው ይከተላቸው ነበር። የእነርሱ መንገድ የዘገየ ነው፤ የቆዩትም በዚያው ምክንያት ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሩቅ ወሬ አይደለም። አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ የኢትዮጵያ እግር ኳስም በአብዛኛው ከፋብሪካና ከመሥሪያ ቤት ግቢ የወጣ ነው። የድሬዳዋ ጥጥ በ1950ዎቹ ዋንጫ ደጋግሞ የወሰደው በጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞቹ ነበር፤ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ሁሉም የድርጅት ልጆች ናቸው። ደመወዝ ከፋይ ድርጅት፣ ልምምድ የሚደረግበት ግቢ፣ ከፈረቃ ወጥቶ የሚጮህ ደጋፊ፤ ሦስቱ በአንድ አጥር ውስጥ ይገኙ ነበር። ዛሬ ያን ቦታ የተኩት የከተማና የክፍለ ከተማ ክለቦች ናቸው። አቃቂ ቃሊቲም በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ቡድን አውጥቷል፤ ቀን ከሌት ጭነት መኪና የሚያልፍበት፣ በጭስ ማውጫና በመጋዘን የሚታወቅ ሰፈር ልጆቹን እስከ ሀገሪቱ ከፍተኛው የሴቶች ውድድር አድርሷል።

ከጅማ የምንወስደው ቁም ነገር ለእንዲህ ያለው ቡድን በቀጥታ ይሠራል። ለመውጣት ጥሩ አሰልጣኝና አንድ ግብ አዳኝ ሊበቃ ይችላል። ለመቆየት ግን ከአስተዳደር በጀት ሌላ ገቢ፣ ተጫዋች ሲሄድ የሚተካ የታዳጊዎች ቡድን፣ በተለይም ቡድኑን የኔ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ገቢውን ማኅበረሰቡ ብቻውን አይችለውም፤ ሰፈሩን የሞሉት ፋብሪካዎች ግን ለማልያና ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ አያጡም፤ ሊጠየቁም ይገባል።

የአቃቂና የቃሊቲ አንባቢዎች፣ የክፍለ ከተማችሁ ልጆች ሲጫወቱ ከስታዲየም አትጥፉ። በዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተጫዋቾቹን ስም እወቁ፣ ሲሸነፉም በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ።