ከትርፍ ሁለት በመቶ፦ የህንድ ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች

ህንድ የኩባንያዎችን ማኅበራዊ ኃላፊነት ከበጎ ፈቃድ ወደ ሕጋዊ ግዴታ ካሸጋገሩ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኩባንያዎች ሕግ የተጣራ ሀብቱ 5 ቢሊዮን ሩፒ፣ ወይም ዓመታዊ ሽያጩ 10 ቢሊዮን፣ ወይም የተጣራ ትርፉ 50 ሚሊዮን የደረሰ ኩባንያ ሁሉ ከሦስት ዓመት አማካይ ትርፉ 2 በመቶውን ለማኅበረሰቡ እንዲያውል ያዛል። መጀመሪያ ላይ፣ ያላወጣ ኩባንያ ምክንያቱን ከገለጸ ይበቃው ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን ቅጣት አለው። ጀማሪ ድርጅቶች የሚታቀፉባቸው የዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ማዕከላት ከጅምሩ ገንዘቡ እንዲውልባቸው በሚፈቅደው የሕጉ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። በ2019 ደግሞ በመንግሥት በጀት ለሚተዳደሩና በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሕክምና ለሚመራመሩ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ መስጠት ተፈቀደ።

የዚህ ገንዘብ ትክክለኛ ቦታ፣ በእኔ እምነት፣ ማንም ኩባንያ ለራሱ ጥቅም ብሎ የማይከፍልለት ሥራ ነው፦ ቤተ ሙከራ፣ የተመራማሪ ተማሪ ደመወዝ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ጥናት። ሕጉም የኩባንያው መደበኛ ንግድ የሆነ ሥራ በ2 በመቶው እንዳይሸፈን ይከለክላል። ለኮቪድ ክትባትና መድኃኒት ምርምር ለተወሰኑ ዓመታት ክልከላው ሲላላ እንኳ፣ ከታወቀ የምርምር ተቋም ጋር በትብብር መሥራት ግዴታ ነበር። ጥቅም የማያገኝ ኩባንያ ቼክ ፈርሞ ዞር ይላል፤ ያ ደግሞ ሽርክና አይባልም የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን ታሪክ ሌላም ያሳያል። ህንዳዊው ባለሀብት ጃምሼትጂ ታታ ለምርምር ተቋም ብሎ ሀብቱን ሲመድብ ምንም ሕግ አላስገደደውም። እሱ በ1904 ሞተ፤ ባንጋሎር የሚገኘው የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1909 ተመሠረተ፤ ዛሬም አገሪቱ ከምትኮራባቸው ተቋማት አንዱ ነው። ሰጪው ፍሬውን በዓይኑ አላየም፤ የተከለው ግን አፈራ። ኩባንያው የራሱን ምርት የሚያሻሽል ጥናት ከፈለገ፣ ዩኒቨርሲቲውን ከንግድ በጀቱ ከፍሎ ያሠራው።

ይልቅ የሚያሳስበው የክፍፍሉ ነገር ነው። ሕጉ ኩባንያው ለሚሠራበት አካባቢ ቅድሚያ እንዲሰጥ ስለሚል፣ ፋብሪካና ዋና መሥሪያ ቤት የበዛባቸው እንደ ማሃራሽትራ ያሉ ግዛቶች ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ። ስም ያላቸው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች ለጋሽ በቀላሉ ሲያገኙ፣ ኢንዱስትሪ በሌለበት ግዛት ያለ ዩኒቨርሲቲ በር የሚያንኳኳለት የለም። ሌላው እንቅፋት ጊዜ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ ፕሮጀክት ከተጀመረበት በጀት ዓመት ሌላ ከሦስት ዓመት በላይ አይዘልቅም፤ የዶክትሬት ጥናት ግን በህንድ መመሪያ እስከ ስድስት ዓመት ይፈቀዳል። ገደቡ ገንዘብ ተይዞ እንዳይቀር ስለሚከላከል ለትምህርት ቤት ግንባታ ይበጅ ይሆናል፤ ለተመራማሪ ግን መንገዱን እኩሌታ ላይ ይቆርጥበታል። የኩባንያ ጉዳዮች ሚኒስቴር ይህን ገደብ፣ ለምርምር ብቻ፣ ወደ ስድስት ዓመት ያራዝመው።