ነርቩን ማላቀቅ፣ ወገቡን አለማሰር

በቱሉ ዲምቱ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት ስለሌለ፣ ለአዛውንት ደረጃው የየዕለት ፈተና ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ደረጃውን እንደምንም ወጥተው መውረዱ ላይ እግራቸው የሚዝል ከሆነ ግን ነገሩን ለእርጅና ብቻ ሰጥቶ ማለፍ አይገባም። ሰው ሲወጣ ጎንበስ ይላል፤ ሲወርድ ወገቡን ወደኋላ ይለምጣል። የታችኛው ወገቡ የነርቭ መተላለፊያ የጠበበበት ሰው ደግሞ ሕመሙ የሚብሰው ቀና ሲል ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሞ እግሩ ይደነዝዛል፣ መቋሚያው ላይ ደገፍ ብሎ ሲጎነብስ ይቀለዋል፤ ጥቂት ተራምዶ አረፍ ካላለ መቀጠል ያቅተዋል። ምክንያቱ በዕድሜ የሚመጣ ለውጥ ነው፦ ዲስኩ ይሳሳና ወደኋላ ይገፋል፣ የአከርካሪው መጋጠሚያዎችና ከነርቩ ጀርባ ያለው ጅማት ይወፍራሉ። አንዳንዴም የላይኛው አጥንት በታችኛው ላይ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ይህ በብዛት የሚታየው በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው።

ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ለአብዛኞቹ የሚበጀው፣ ነርቩን የተጫነውን አጥንትና ጅማት አንስቶ ወገቡን እንደሚታጠፍ መተው ነው የሚል እምነት አለኝ። ሌላው መንገድ ከዚህ በተጨማሪ አጥንቶቹን በብሎንና በዘንግ አስሮ አንድ ላይ እንዲጣበቁ ማድረግ ነው። የታሰረው ቦታ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም፤ ሸክሙም ከላይና ከታች ወዳሉት መጋጠሚያዎች ይዞራል። ብሎኑ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ቤተሰብ ለዚህ ሲል ጥሪቱን ከመሸጡ በፊት ትርፉ ምን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል።

የስዊድን ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ 247 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የታሰሩት ካልታሰሩት የተሻለ ደረጃ ላይ አልነበሩም፤ ሆስፒታል የቆዩት ግን በአማካይ 7.4 ቀን ሲሆን ያልታሰሩት 4.1 ቀን ነው። «አጥንቱ ከተንሸራተተ ግን መታሰር የግድ ነው» የሚለው ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ ለዚህም በ2021 ከኖርዌይ መልስ መጣ። አንድ አጥንት የተንሸራተተባቸው 267 ሰዎች በ16 የመንግሥት ሆስፒታሎች ክትትል ተደረገላቸው። ሕመሙ በኑሯቸው ላይ ያደረሰው ጫና ቢያንስ በ30 በመቶ የቀነሰላቸው፣ ካልታሰሩት 71.4 በመቶ፣ ከታሰሩት 72.9 በመቶ ሆኑ። ጥናቱን ከመሩት መካከል የበርገን ሐኪሞች ይገኙበታል። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲጀምር አብሮት የቆመው የዚያው የበርገን ከተማ ሆስፒታል ስለሆነ፣ ይህ ማስረጃ ለእኛ ሀገር ሐኪሞች ከሩቅ ባዳ የመጣ አይደለም።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ፣ ሊደበቅም አይገባውም። በዚያው በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መጠነኛ ብልጫ ለታሰሩት ሰጥቷል፤ ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸውም ከታሰሩት 14 በመቶ፣ ካልታሰሩት 34 በመቶ ነበሩ። የተሳተፉት ግን 66 ሰዎች ብቻ ናቸው። በኖርዌዩ ጥናት ልዩነቱ ወደ 9.1 እና 12.5 በመቶ ይጠባል። ያም ቢሆን ይህ ልዩነት ለሕመምተኛው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በእኔ ሚዛን፣ ከመቶ ጥቂት ሰዎችን ከዳግም ቀዶ ሕክምና ለማዳን ሲባል ሁሉንም ማሰር ተገቢ አይደለም።

እንቅስቃሴን እንዲጠብቁ ተብለው የተሠሩ መሣሪያዎችስ? በኔዘርላንድ በአከርካሪ ጉብታዎች መካከል የሚገባ መሣሪያ ከተለመደው ማላቀቅ ጋር ተወዳድሮ በ2013 ውጤቱ ሲወጣ፣ መሣሪያው ከገባላቸው 29 በመቶው፣ ካልገባላቸው 8 በመቶው እንደገና ቢላ ሥር ገብተዋል። በ2023 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፈቀደው ቶፕስ የተባለው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የተሻለ ተስፋ ይዟል፤ ሆኖም የተወዳደረው ከማሰር ጋር እንጂ ከማላቀቅ ብቻ ጋር አይደለም። ስለዚህ ያለ መሣሪያ ከሚደረገው ቀላል ሥራ ይበልጣል ለማለት ገና ነው።

የኤምአርአይ ወረቀት ብቻውን ለቀዶ ሕክምና በቂ ምክንያት አይሆንም። በ1990 የታተመ ጥናት ምንም ሕመም ከሌላቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ሰዎች መካከል 21 በመቶው ላይ ይህንኑ መጥበብ አይቷል። በ2015 በወጣ ሌላ ጥናትም ቀዶ ሕክምና የተመደበላቸውና ፊዚዮቴራፒ የተመደበላቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ተገኝተዋል፤ ከፊዚዮቴራፒው ወገን ብዙዎች በመሀል ወደ ቀዶ ሕክምና መዞራቸው ግን አይረሳ። ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገብን ማስጠምዘዝ ግን የጠበበውን አያሰፋም። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ማሰር የሚገባበት ጊዜም አለ። አከርካሪው በጣም ከተጣመመ፣ ወይም ነርቩን ለማላቀቅ መጋጠሚያው በብዛት መነሣት ካለበት ብሎን ያስፈልጋል። ብሎን የተመከረለት ሰው «ነርቩን ማላቀቅ ብቻውን ለእኔ ያልበቃው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙን መዳፈር አይደለም። መልሱ ከራሱ ምስል ላይ በጣት ተጠቁሞ ሊታየው ይገባል፤ ቆሞ፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎና ወደኋላ ተለምጦ የሚነሣው ተራ ራጅ አጥንቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል።