የደብር ሥርዓት በመኖሪያ ግቢ

የአትክልት ስፍራ ጭብጥ የሚባለው በአንድ ግቢ የሚተከለውን፣ የሚነጠፈውንና የሚገነባውን ሁሉ የሚገዛ አንድ ሐሳብ ሲሆን፣ ይህ ሐሳብ በአንድ አገር ወይም ዘመን ጸንቶ ከኖረ የግቢ አሠራር ሲቀዳ ታሪካዊ ስልት ይባላል። የጥንት ፋርሶች በቅጥር የታጠረ ቦታን በውኃ ቦዮች ለአራት ይከፍሉ ነበር፤ አንድሬ ለ ኖትር በ17ኛው መቶ ዘመን በቬርሳይ የዘረጋው የፈረንሳይ ስልት ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ በሚነሣ ረጅም ቀጥተኛ መሥመር ላይ ያረፈ ነው። ለጎጃም ደገኛ ግን ስልት ፍለጋ ያን ያህል መራቅ አያሻም።

የምሥራቅ ጎጃሟ ዲማ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታሪኩ ስፍራ ስላደረጋት በብዙ አንባቢ ዘንድ የታወቀች ብትሆንም፣ ስሟ ቀድሞ የጸናው በዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና በጉባኤ ቤቱ ነው። በዚህ ደጋ የተለመደው የደብር ሥርዓት ከመካከል ወደ ዳር የሚሰፋ ነው፤ መቅደሱን ቅድስት፣ ቅድስቱን ቅኔ ማኅሌት ይከባል፤ ከክቡ ሕንፃ ውጭ ምእመናን የሚቆሙበት ገላጣ ቦታ፣ ከዚያ የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ዛፎች፣ በመጨረሻም የድንጋይ ካብ ይከተላል። ዛፎቹ ብዙ ዓይነት ቢሆኑም ዓይን የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የስልቱ ብልሃትም ይኸው ነው።

ይህ ሥርዓት ወደ መኖሪያ ግቢ ሲመጣ የመካከሉን ስፍራ ቤቱ ይይዛል፤ ደጁ ለተቀማጭና ለልጆች ገላጣ ሆኖ ይተዋል፤ ከማድቤቱ አጠገብ፣ ለቡና ሲፈለግ በእጅ የሚቀነጠስ፣ ቅጠሉ ዐመድማ የሆነ፣ የቀሚስ ጫፍ ሲነካው ሽታው የሚነሣ ጤና አዳም ከአሪቲ ጋር ይተከላል፤ ቅጠሉና እንጨቱ ለጠላ የሚሆነው ጌሾ ሁለተኛውን ዙር፣ ጽድና ወይራ የመጨረሻውን ይይዛሉ። ካቡ የተሠራበት ድንጋይ በመተላለፊያውና በመደቡ ላይ ተመልሶ ከታየ፣ ግቢው በአንድ እጅ የተሠራ ይመስላል።

ስልቱን የሚያፈርሰው የእጽዋት ማነስ ሳይሆን መደበላለቅ ነው፤ የሲሚንቶ አንበሳ፣ የዘንባባ ረድፍና የሣር ጎጆ በአንድ ደጅ ሲሰለፉ እያንዳንዱ ለብቻው ቢያምርም አንዱ ሌላውን ያዋርዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የገባው ባሕር ዛፍም፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ባለውለታ መሆኑ ባይካድም፣ ውኃውን ስለሚሻማና በሥሩ ብዙ ነገር ስለማያበቅል ከጌሾው ዙር መራቅ አለበት።

ጽድ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ፣ ሥራው የሚጀመረው ከቤቱ ደጅ ሳይሆን ከዳር ነው፤ ችግኙም ክረምቱ እንደገባ፣ ከጤና አዳሙም ከጌሾውም ቀድሞ መተከል ይኖርበታል።